ሦስት ጊዜ የማለው ሻንሲ

ተረቴ ደጅ ላይ ቆማለች። «ትግባ» በሏት።

እንዲህ በቀዘቀዘ አፍ አይደለም፣ ደግማችሁ በሉ። እሺ፣ ገባች። አንተ ጥግ የያዝከው፣ ስልክህን ኪስህ ክተት። ይህን ተረት በግማሽ ጆሮ የሰማ ሰው መኪና የገዛ ዕለት ያለቅሳል። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በጀርባዬ ተንጋልዬ የመኪና ሆድ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንት ጉድ አይቻለሁ። ይህን የነገረኝን ሰው ግን እስከ ዛሬ በልቤ «እውነትህን ነው?» እያልኩ እጠይቀዋለሁ።

ድሮ ነው። ብረት አፍ በነበረው ዘመን፣ ቀለምም አፍ በነበረው ዘመን፣ በቆላ አገር አንድ የጨው ሐይቅ ነበር። ከሐይቁ ጨው ጭና፣ ረጅሙን ዳገት ወጥታ፣ ደጋ ላይ የምታራግፍ አንዲት የጭነት መኪና ነበረች። ባለቤቷም ሹፌሯም ጉልላት የሚባል ሰው ነው። ከእሷ ሌላ ንብረት የለውም፣ ከእሷ ሌላ ቤትም የለውም ማለት ይቻላል።

ከመኪናዋ ከላይ እመት ጋቢና አለች። ግንባሯ ላይ ሁለት እርግቦች ተስለውባታል፣ መስታወቷ ዙሪያ አበባ ተሰክቶላታል፣ በየከተማው ሰው ቆም ብሎ ያያታል። ከታች ደግሞ አያ ሻንሲ አለ። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው፤ ሞተሩን የተሸከሙት እነሱ፣ ጋቢናዋን የተሸከሙት እነሱ፣ ጨውን የተሸከሙት እነሱ። ሻንሲን ማንም አያየውም፣ ማንም አያመሰግነውም።

ከጉልላት በቀር። በዚያ ቆላ ቀትር ላይ አንድ ዛፍ አይገኝም፤ ጥላ ያለው መኪና ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልላት ጨው ጭኖ ዳገቱ እግር ሲደርስ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ሰሌኑን ከመኪናዋ ሥር ዘርግቶ ይጋደማል። ከመተኛቱ በፊት እጁን ወደ ላይ ሰድዶ ሻንሲውን በጣቱ ኳ ኳ ኳ ያደርገዋል።

«አለህ?» ይለዋል።

«አለሁ፣ ተኛ» ይለዋል ሻንሲ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ከላይ መቶ ኩንታል ጨው፣ ከታች አንድ እንቅልፋም ሰው፣ መሃል ላይ ሻንሲ። እና ሻንሲ ይህን ሰው ይወደው ነበር። ማንኮራፋቱን ሳይቀር ይወደው ነበር።

መኪናዋ ገና አዲስ ሳለች ጉልላት ሥሯን ሊያስቀባ ወደ ጋሼ አስረስ ጋራዥ ወሰዳት። ጋሼ አስረስ ቀለም ቀቢ ነው፣ ጋራዡ ዳገቱ እግር ላይ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ቀርፋፋ ነው እየተባለ በሹፌሮች ዘንድ ይታማል። መደርደሪያው ላይ ሦስት ቀለሞች ተቀምጠዋል። አንዱ አንጸባራቂ ነው፣ ፊት ያሳያል። አንዱ ሬንጅ ነው፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ትከሻው የማይነቃነቅ። ሦስተኛው ግራጫ ነው፣ መልኩ አመድ፣ ደግሞ ብቻውን አይሠራም፤ ማጠንከሪያ የሚባል ወንድም አለው፣ ሁለቱ ከየቆርቆሯቸው ወጥተው ካልተዋሃዱ አይደርቁም።

ጉልላት የቱ ይሻላል ብሎ ጠየቀ። ግራጫ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እመት ጋቢና ቀደመችው። የእኔ ሥር አመድ ለብሶ በከተማ አልሄድም አለች፣ ሥሬም እንደ ላዬ ያብረቅርቅ አለች። አንጸባራቂ ወዲያው ተነሣ፤ በአንድ ቀን ጨርሼ አስረክባለሁ አለ። ግራጫ ረጋ ብሎ፣ ወንድሜ አንተ ለበር ቆንጆ ነህ፣ የጠጠር መንገድ ግን አታውቀውም፣ ስስ ነህ ትሰነጠቃለህ ቢለው፣ ጋራዡ በሳቅ ሞላ። አንጸባራቂ ተቀባ። ሻንሲም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አየና ደስ አለው።

አንድ ወር አልሞላም። በጠጠሩ መንገድ ላይ ከጎማው ሥር አንዲት ጠጠር ተስፈንጥራ ሻንሲውን ጠቅ አደረገችው። የምስር ፍሬ የምታህል ቀለም ተፈነቀለች። ጠጠሯ ይቅርታ ብላ ሄደች፤ ቁስሏ ቀረች።

በማግስቱ በዚያች ቁስል በኩል አንድ ለስላሳ ድምፅ ተሰማ።

«ደህና ዋልክ አያ ሻንሲ። መንገደኛ ነኝ። ለአንድ ቀን አሳድረኝ።»

አያ ዝገት ነበር። ሻንሲ ማን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። ግን አንዲት ቁስል፣ አንድ ቀን፣ ምን ታመጣለች አለና አሳደረው። በሁለተኛው ቀን አያ ዝገት፣ ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ አለ። በሦስተኛው፣ ዘመዶቼም መንገድ ላይ ናቸው፣ የት ይደሩ አለ። ከላይ ከጆንያው የሚንጠባጠበው የጨው ውኃ ደግሞ ቀለባቸው ሆነ። ጠብ ባለ ቁጥር ያጎርሳቸዋል፣ ባጎረሳቸው ቁጥር ይወልዳሉ።

ሻንሲ ያሳክከው ጀመር። አልተናገረም። አፈረ። ጉልላት በቀትር ኳ ኳ አድርጎ «አለህ?» ሲለው፣ «አለሁ፣ ተኛ» ይለዋል።

በሁለተኛው ዓመት ጉልላት እዚህም እዚያም የተላጠውን ቀለም አየና ወደ ጋሼ አስረስ ተመለሰ። አንጸባራቂ እንዳፈረ መደርደሪያው ጥግ ገብቶ ተቀመጠ። ቀሩ ሬንጅና ግራጫ።

ሬንጅ ተነሣና ደረቱን ነፋ። እኔ ውኃ አላሳልፍም፣ ጠጠር ቢመታኝ እንደ ትራስ ተቀብዬ እመልሰዋለሁ፣ ማንም ላይ እተኛለሁ፣ ማንንም ምን አለብህ ብዬ አልጠይቅም አለ። ውሸት አልተናገረም። እኔ ራሴ ሬንጅን አላማም፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነው።

ግራጫ ደግሞ የራሱን አለ። ይህን በደንብ ስሙት፣ አርባ ዓመት የበላሁበት እንጀራ ይህ ነው። መጀመሪያ ጨዉ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ አለ፤ ጨው ከሥሬ ከቀረ እኔም አልችለውም። ከዚያ ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ይፋቅ፣ ነጭ ገላው እስኪወጣ ይፋቅ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከዚያ እኔና ወንድሜ ተዋህደን አንድ ጊዜ እንቀባ፣ አንድ ቀን ይታደር፣ እንደገና እንቀባ። ሬንጅ ከፈለገ በመጨረሻ ከላያችን ይምጣ፣ ጠጠሩን እሱ ይመልስ፣ ብረቱን እኛ እንይዛለን። ዘጠኝ ቀን ይፈጃል አለ።

ጉልላት ዘጠኝ ቀን ሲባል ፊቱ ተለወጠ። ቢሆንም እሺ ሊል ነበር፤ ለዚያች መኪና የማይሆነው ነገር የለም።

ከሻንሲ ሆድ ውስጥ ግን አያ ዝገት ዓይኑን በጨው አጥቦ መምከር ጀመረ።

«ሰማህ? ሊፍቁህ ነው። የሽቦ ብሩሽ ታውቃለህ? ያ አይደለም የሚያስፈራው። ቀዳዳህን ጉልላት ያያል። ያየህ ዕለት ይጠላሃል፣ ለቁራሌው ይሰጥሃል። አንተ ካልተናገርክ እኔ አልናገርም።»

በዚያ ዘመን አንድ ደንብ ነበር። ቀለም ቀቢ ብረት ከመቀባቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል፤ ብረቱ ሦስት ጊዜ ከማለ አይፋቅም። የማለ ብረት መፋቅ ትልቅ ነውር ነው፣ ባለቤቱን ሌባ ብሎ እንደ መስደብ ነው የሚቆጠረው። ይገርማችኋል፣ አዋቂ የተባለ ሰው ሁሉ በዚህ ደንብ ይገዛ ነበር።

ጋሼ አስረስ ጎንበስ ብሎ ገባና ጠየቀው።

«ከቀለምህ ሥር እንግዳ አለ?»

«ማንም የለም።»

«እንግዳ አለ?»

«ማንም የለም አልኩ እኮ።»

«በተሸከምከው ሰው ስም፣ እንግዳ አለ?»

ሻንሲ ጉልላትን አየው። ጉልላት ፈገግ ብሎ ቆሟል፣ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው የሚመስለው። «በጉልላት ስም ማንም የለም» አለ ሻንሲ።

እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ደሜ ይፈላል። ምን ነበር አንዴ አፉን ቢከፍት!

አለቀ። ብሩሹ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፣ ግራጫና ወንድሙ ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ። ሬንጅ ከነዝገቱ፣ ከነጨዉ፣ ከነእርጥበቱ ላዩ ላይ ተለሰነ። ጉልላት ሳይመሽበት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሻንሲን ያዩት ሁሉ አመሰገኑት። ሐይቁ ዳር የሚተኛው ግመል አንገቱን ዝቅ አድርጎ አየውና፣ ይህን የመሰለ ጥቁር አይቼ አላውቅም አለ። ሌሎች ሹፌሮች እየተንበረከኩ አዩት፣ ጉልላት መኪና ያዥ ነው አሉ። እመት ጋቢና ሳትቀር ወንድሜ አማረብህ አለችው። ሻንሲ እየተመሰገነ፣ በውስጡ እየቀለለ ሄደ። ጭነቱ ያው መቶ ኩንታል ነው፣ እሱ ግን በየሳምንቱ ቀለለ። ሬንጁ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ውኃ ከውጭ አያስገባም፣ ውስጥ ያለውንም አያስወጣም። አያ ዝገት በጨለማ፣ በሙቀት፣ በጨው ተቀማጥሎ ኖረ፤ ንፋስ እንኳ አይነካውም።

በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን፣ ጉልላት ሙሉ ጭኖ ዳገቱ እግር ደረሰ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሼ አስረስ ጋራዥ ፊት ለፊት አቆመና እንደ ልማዱ ሰሌኑን ዘረጋ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ በጀርባው ተጋደመ፣ እጁን ሰደደ። ኳ ኳ ኳ።

የመጣው ድምፅ የብረት አልነበረም። ሻንሲ ራሱ ሰማው፣ ክው አለ። ባዶ ጣሳ ሲመታ ነው እንዲህ የሚለው። ጉልላት ደክሞታል፣ አላስተዋለም።

«አለህ?» አለ እያዛጋ።

ሻንሲ ጨዉ ሲጫነው፣ ጭነቱን ከሚያነጥረው ብረት ከባሌስትራው ወዲህ አንድ ነገር ሲሳብ ተሰማው። ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አወቀ። ከሥሩ ማን እንደተኛም አወቀ።

«ጉልላት፣ ዛሬ እኔ ሥር አትተኛ» አለው።

ጉልላት ሳቀ። ምን ሆነሃል፣ ሙቀቱ ነው ወይ አለው። የሻንሲን ሆድ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገለት፤ ለስላሳ ነው፣ ጥቁር ነው፣ አንድ ጭረት የለበትም። ደህና ነህ አለውና ዓይኑን ጨፈነ።

«ጉልላት፣ ዋሽቼህ ነው። ውስጤ ባዶ ነው።»

ይህን ጊዜ ጉልላት ትንሽ ከፋው። ዓይኑን ሳይገልጥ መለሰለት።

«በስሜ ምለህ የለም እንዴ? እኔ አንተን ካላመንኩ ማንን ልመን? በል ተወኝ፣ ልተኛ።»

ሻንሲ እስከዚያች ሰዓት ድረስ መሐላው ለቀለም ቀቢው ብቻ መስሎት ነበር። አሁን አየው፣ የተኛው መሐላው ላይ ነው። አያ ዝገት ከውስጥ ዝም በል፣ ሊያልፍ ይችላል፣ ነገ ትነግረዋለህ እያለ ይወተውተዋል። ከባሌስትራው ወዲህ እንደገና አንድ ነገር ሲሳብ ተሰማው።

«ጉልላት፣ እንግዲያው አትመነኝ» አለ ሻንሲ። «ጣትህን አንሣና ጫነኝ። አንዴ ብቻ።»

ጉልላት እሺ ልለውና ይተወኝ ብሎ ጣቱን አነሣ። ጫነው።

ጣቱ ገባ። ኧረ የፈጣሪ ያለህ፣ ገባ! አንድ አንጓ ገባ፣ ሁለት አንጓ ገባ፣ ከዚያ እጁ እስከ ክንዱ ድረስ ብረት መሆን ያለበት ቦታ ውስጥ ጠለቀ። ሲያወጣው ቀይ ዱቄትና የጨው ውኃ ደረቱ ላይ ተዘረገፈ። ሰውየው እንዴት እንደተንከባለለ፣ በየት በኩል እንደወጣ እስከ ዛሬ አያውቀውም። ብቻ ፀሐይ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ራሱን ሲያገኘው፣ ከኋላው መቶ ኩንታል ጨው ሲወድቅ ሰማ።

መኪናዋ ከመሃል ተቆረጠች። እመት ጋቢና አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተሰቀለ፣ የጨዉ ጆንያ ሁሉ ተዘረገፈ። ሰሌኑ ከሥር ቀረ። ጫማው ግን ከውጭ እንደተቀመጠ ነው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን።

ጋሼ አስረስ በሩጫ መጥቶ ያየውን ማመን አቃተው። ብረቱ ተሰብሯል፣ ቀለሙ አልተሰበረም። ሬንጁ እንዳለ፣ እንደጠቆረ፣ የሻንሲውን ቅርጽ እንደያዘ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ግን ምንም የለም። አስረስ አንዴ ሬንጁን፣ አንዴ የገዛ እጁን ያያል።

ከዚያ ከተንጠለጠለው ቆዳ ውስጥ አያ ዝገት ወጣ። የገባ ዕለት የምስር ፍሬ ነበር፤ አሁን በሬ አክሏል። ወደ ሬንጅ ዞሮ እጅ ነሣ፣ ስለ ጣሪያው እግዜር ይስጥልኝ አለው።

ሬንጅ ደነገጠ። እንዲህ የደነገጠ ቀለም ታይቶ አይታወቅም ይላሉ።

«እኔ ብረት የምጠብቅ መስሎኝ» አለ። «ስጠብቅ የኖርኩት አንተን ነው እንዴ?»

ጉልላት በባዶ እግሩ፣ ደረቱ እንደቀላ፣ ወደ ተሰበረው ብረት ቀረበ። ተቆጥቶ መስሏቸው ነበር። ቁጭ አለና እንደ ልማዱ ጣቱን ሰደደ፣ ግን አልመታውም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለው።

«እንዳትጠላኝ ብዬ» አለ ሻንሲ።

ብረት ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም። ሻንሲውም፣ ዘመዶቹም፣ በዓለም ላይ ያለ ብረት ሁሉ በዚያ ቀን አፉን ዘጋ። ከእፍረት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከድንጋጤ ነው እላለሁ።

ጋሼ አስረስ መኪናዋን ጋራዥ አስገባት። ደንቡን ጣለው፣ ማንንም አልጠየቀም። መዶሻ አነሣና ከዳር ጀምሮ እየመታ፣ ጆሮውን እያስጠጋ ሄደ። ጥርት ብሎ የጮኸውን ተወው፣ እንደ ባዶ ጣሳ የመለሰውን ቆርጦ ጣለው፣ በምትኩ አዲስ ብረት አስበየደ። ጨዉን በንጹሕ ውኃ አጠበ። በሽቦ ብሩሽ ፋቀ፣ ነጭ ገላ እስኪወጣ ፋቀ። አደረቀ። ግራጫንና ወንድሙን አዋህዶ ሁለት ጊዜ ቀባ። በመጨረሻ ሬንጅን ጠራው፤ ሬንጅም ከመተኛቱ በፊት ከሥሬ ማን አለ ብሎ ጠየቀ። ዘጠኝ ቀን ሆነ። ጉልላት ዘጠኙንም ቀን ብሩሹ ሲፍቅ እያየ ተቀመጠ። ከጠባሳው ሁሉ አንዱን ሳያይ አላለፈም፤ ደግሞም አልጠላውም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ባለሙያ ሻንሲን በአፍ አይጠይቅም፣ በመዶሻ ይጠይቃል። እናንተም መኪና ስትገዙ ሥሩ ጠቁሮ አምሮ ብታገኙት ቶሎ አትደሰቱ። ተንበርከኩና ምቱት።

የእናንተን ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ። ቁስልህን ከሚወድህ ሰው አትሸፍን። እሱ አንተን አምኖ ሥርህ ነው የሚተኛው።